ከጀልባ ላይ ወፍ መመልከት፦ የጣና የጠዋት ፊዚክስ

ፊዚክስ የሚገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይና በቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን እምነት ጥቂት ማናጋት ነው። ለዚህም አንባቢያንን ወደ ጣና ሐይቅ ይዘን እንሄዳለን፤ በትንሽ ጀልባ ተቀምጠን፣ መነጽር ይዘን፣ በደንገሉ ዳር ያሉትን ወፎች እንመለከታለን።

መነሻ የሆነኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ በጀልባ እየሄድን ሳለ በውኃው ላይ በተጋደመ ዛፍ ላይ ኮርሞራንት የሚባሉት ጥቁር ዓሣ በል ወፎች ጎጆ ሠርተው አየን። ተማሪዎቹ ፎቶግራፍ ለማንሣት ስለጓጉ ባለ ጀልባውን ትንሽ እንዲጠጉልን ለመንኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ሞተሩን አጠፉና፣ «መምህር፣ ከዚህ አንጠጋም። እናቲቱ ከተነሣች ዕንቁላሉ ይበስላል» አሉኝ። ተማሪዎቹ ሣቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። ማታ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስሌቱን ስሠራ ፈገግታዬ ጠፋ። ስሌቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ሥፍራውን እንወቅ።

ሥፍራው

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ይገኛል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ እጅግ በዛ ቢባል 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሐይቁን በሜዳ ላይ የፈሰሰ ስስ የውኃ ንጣፍ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ እርሱ ይገባሉ፤ ዓባይ ከእርሱ ይወጣል።

ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ዳርቻው በሰፊው ረግረግ ነው። ደንገሉና ሣሩ ለወፎች መኖሪያም መመገቢያም ይሆናል። ፔሊካን፣ ልዩ ልዩ ዓሣ አጥማጅ ወፎች፣ ነጭ ሳቢሳ፣ ዓሣ አዳኝ ንስር፣ በራሱ ላይ ዘውድ መሳይ ላባ ያለው ጥቁር ክሬን በዚህ ይገኛሉ። ከሰሜን አውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ክሬኖችም በፎገራ ሜዳና በአካባቢው በብዙ ሺህ ይሰፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ለምን በጀልባ?

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ረግረግ በእግር አይኬድም። ሁለተኛው ምክንያት ወፎቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙ የውኃ ወፎች ቆሞ ከሚራመድ ሰው ይልቅ ዝቅ ብሎ በዝግታ የሚንሳፈፍን ነገር አስጠግተው ይታገሣሉ። ሦስተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል፣ በውኃ ውስጥ ግን 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል። ውኃ ከአየር እጅግ የከበደና በቀላሉ የማይታመቅ በመሆኑ፣ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አብዛኛው ኢነርጂ ከድንበሩ ላይ ተመልሶ ይነጥራል። የሚሻገረው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛ፣ መቅዘፊያው በውኃው ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ለወፉ አይደርስም ማለት ይቻላል። ወፉን የሚያባርረው መቅዘፊያው ከጀልባው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በቀጥታ ወደ አየር የሚወጣው ድምፅ ነው። ሁለተኛ፣ የረጋ ውኃ በላዩ የሚያልፈውን ድምፅ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ መሬት ግን የድምፁን ከፊል ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በየብስ ላይ ብዙ የማይሰማ ሹክሹክታ በረጋ ሐይቅ ላይ ሩቅ ይሄዳል። በጀልባ ላይ ያለ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ከሚያደርገው በላይ ዝም ማለት ይገባዋል።

መነጽርና የጀልባው መወዛወዝ

ጤናማ ዓይን ለይቶ ሊያይ የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ነው። ይህ በ100 ሜትር ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጣና ዳር ዘወትር የሚታየውን ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ እንውሰድ። ወንዱ በደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ሲኖረው ሴቷ አንድ ብቻ፣ እርሱም በመካከሉ የተቆረጠ አላት። እነዚህን መቀነቶች በባዶ ዓይን ከ100 ሜትር መለየት አይቻልም። 8 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ግን የ3 ሳንቲ ሜትሩን ገደብ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያወርደዋልና ወንዱን ከሴቷ እንለያለን።

በመነጽሩ ላይ «8×42» ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። 8 የማጉላት መጠኑ ሲሆን፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን ለ8 ስናካፍል 5.25 ሚሊ ሜትር እናገኛለን፤ ይህም ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ዓምድ ስፋት ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ የዓይናችን ብሌን ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ 8×42 ለጠዋት ተስማሚ ነው። በኪስ የሚያዘው 8×21 ግን 2.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰጥ ወፉ ጨልሞ ይታያል፤ ጥፋቱ የዓይናችን አይደለም።

«ታዲያ 12 ጊዜ የሚያጎላ ብንይዝ አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያነሣሉ። በየብስ ላይ ከሆነና መነጽሩ በመቆሚያ ላይ ከታሰረ አዎን። በጀልባ ላይ ግን መነጽር ወፉን ሲያጎላ መወዛወዙንም በዚያው ልክ ያጎላል። የ8×42 መነጽር የእይታ ስፋት 7.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ወፉ በመካከል ሳለ ጀልባው 4 ዲግሪ ቢያዘነብል ወፉ ከእይታችን ይወጣል። የማጉላቱ መጠን ሲጨምር ይህ ስፋት ደግሞ ይጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ጀልባ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ በብዛት የሚወዛወዘው ወደ ጎንና ጎኑ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚያደርገው መነሣትና መውደቅ ያነሰ ነው። ፊታችንን ወደ ጎን አዙረን የምንመለከት ከሆነ የጎን መወዛወዙ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች ይወረውረዋል። ወደ ጀልባው ፊት ለፊት ከተመለከትን ግን ያው መወዛወዝ ምስሉን በቦታው ላይ ጥቂት ያሽከረክረዋል እንጂ ከእይታችን አያወጣውም። ስለዚህ ባለ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ወፉ እንዲያዞርልን መጠየቅ ይበጃል። ክርናችንን ጉልበታችን ላይ ብናሳርፍ ደግሞ የእጃችን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

ታንኳውና በቅጠል ላይ የሚራመደው ወፍ

ከአጠገባችን የደንገል ታንኳ ያልፋል። የታንኳ ሥራ በተለይ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁበት ጥበብ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ መሰል በመሆኑ እፍጋቱ ከውኃ እጅግ ያንሳል። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ብረት ጀልባ ጎድጓዳ በመሆኑ ሳይሆን ራሱ ቀላል በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ውኃ ቢረጭበትም አይሰጥምም። ውሎ አድሮ ግን አገዳው ውኃ ይመጥጣል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

አርኪሜዲስ እንዳስተማረን፣ የተንሳፈፈ ነገር ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ ውኃ ይገፋል። ታንኳው በውኃው ላይ የሚሸፍነው ስፋት 2.5 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በላዩ 130 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ቢቀመጡ 0.13 ሜትር ኩብ ውኃ መገፋት አለበት። 0.13ን ለ2.5 ስናካፍል ታንኳው 5.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል።

ይኸው ሕግ ጃካና የተባለውን ወፍ ያስረዳናል። ይህ ቡናማ ወፍ በተንሳፋፊ ቅጠሎች ላይ እንደ ምንጣፍ ይራመዳል። ክብደቱ 200 ግራም ያህል ነው ብንል፣ እርሱን ለመሸከም 200 ሳንቲ ሜትር ኩብ ውኃ መገፋት ይኖርበታል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቅጠል 700 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ዝቅ የሚለው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ቅጠሉ ሳይታጠፍ ሸክሙን ከዳር እስከ ዳር ከተካፈለ ነው። የጃካና ጣቶች ከአካሉ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ረጃጅም የሆኑት ግፊቱን በሰፊው ለመበተን ነው።

ዓሣ አጥማጁ ወፍና የብርሃን ስብረት

ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ክንፉን እያርገበገበ በአየር ላይ በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ከዚያም እንደ ድንጋይ ወደ ውኃው ይወረወራል። ይህን ሲያደርግ አንድ የስብረት ጥያቄ እየፈታ ነው።

ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ይሰበራል፤ የውኃ የስብረት መለኪያ 1.33 ነው። በዚህ ምክንያት ከላይ በቀጥታ ሲታይ ዓሣው በእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስላል። ከጎን ሲታይ ስሕተቱ ይብሳል። ዓሣው 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንና ወፉ ከቀጥታው ቁልቁለት 45 ዲግሪ አዘንብሎ ቢመለከት፣ በውኃው ውስጥ ያለው ጨረር ከቀጥታው የሚያዘነብለው 32 ዲግሪ ብቻ ነው። ወፉ ዓይኑ እንዳሳየው በቀጥታ ቢወረወር በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ዓሣውን በ15 ሳንቲ ሜትር ይስተዋል።

ወፉ ለዚህ ያለው መፍትሔ ከዓሣው አናት በላይ መቆም ነው። ከላይ ወደ ታች ሲመለከት የጎን ስሕተቱ ዜሮ ይሆናል፤ የሚቀረው የጥልቀት ስሕተት ብቻ ነው። በዳር ቆመው ከጎን የሚያድኑት የሳቢሳ ወገኖች ደግሞ ስሕተቱን አስልተው እንደሚያርሙ በሙከራ ተረጋግጧል። በአፍሪካ ረግረጎች የሚኖር አንድ ጥቁር የዚህ ወገን ወፍ ክንፎቹን እንደ ጃንጥላ በራሱ ዙሪያ ዘርግቶ ውኃውን ያጠላል፤ የሰማዩን ነጸብራቅ በዚህ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። እኛም ጀልባ ላይ ሆነን ነጸብራቁ ቢያስቸግረን፣ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ የፀሐይ መነጽር ይረዳናል። ከቀጥታው 53 ዲግሪ ያህል አዘንብለን ስንመለከት ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ ለማለት እስኪቻል ያጠፋዋል።

የውኃው መደፍረስ ለዚህ ወፍ ምን ማለት እንደሆነም ማስላት ይቻላል። ወንዞቹ ከእርሻ ማሳ ጠርገው በሚያመጡት ደለል ምክንያት ብርሃን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል እንበል። ዓሣው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ሲወርድ አንድ አራተኛው ይቀራል፤ ሲመለስ ደግሞ የዚያ አንድ አራተኛው። ስለዚህ ለወፉ ዓይን የሚደርሰው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ብርሃኑ መንገዱን ሁለት ጊዜ ስለሚከፍል፣ በተራራ ላይ የሚሸረሸር አፈር በሐይቁ ላይ ያለውን ወፍ ያስርባል።

የፔሊካኖቹ ሰልፍ

ፀሐይ ከፍ ስትል ፔሊካኖች ተሰልፈው ያልፋሉ። የወፍ ክንፍ አየርን ወደ ታች ሲገፋ ከክንፉ ጫፍ ወጣ ባለው ቦታ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል። ከኋላ የሚበር ወፍ በዚህ በሚነሣው አየር ላይ ከተቀመጠ ጥቂት በነፃ ይሸከመዋል። ተመራማሪዎች ከቀላል አውሮፕላንና ከጀልባ ኋላ እንዲበሩ የሠለጠኑ ፔሊካኖችን የልብ ምት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሰልፍ የሚበሩት ለብቻ ከሚበሩት ከ11 እስከ 14 በመቶ ኢነርጂ እንደሚቆጥቡ አሳይተዋል።

የባለ ጀልባው ስሌት

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። የወፍ ዕንቁላል 50 ግራም ይመዝናል እንበል። ፀሐይ የምታየው ስፋቱ 17 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ኬክሮስ ጥርት ባለ ቀን፣ ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ይደርሰዋል። ዕንቁላሉ ከዚህ ግማሹን መልሶ ግማሹን ቢውጥ፣ በየሴኮንዱ 0.85 ጁል ይቀበላል። ዕንቁላል በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ አንዱን ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3.3 ጁል ያህል ይፈልጋል፤ ለ50 ግራም 165 ጁል መሆኑ ነው። 165ን ለ0.85 ስናካፍል 194 ሴኮንድ እናገኛለን።

ይህም ማለት ዕንቁላሉ በየሦስት ደቂቃው በአንድ ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። እናቲቱ ተቀምጣበት ሳለ 37 ዲግሪ አካባቢ ከነበረ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ 42 ዲግሪ ሊጠጋ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ መቆየት ለጽንሱ አደገኛ ነው። እርግጥ ነፋስ ቢነፍስ ወይም የቅጠል ጥላ ቢኖር ሙቀቱ ይዘገያል፤ ስሌታችን ሻካራ ግምት እንጂ መለኪያ አይደለም። ሆኖም የነገሩን መጠን ያሳያል። ዕንቁላል የሚበስለው ከ60 ዲግሪ በላይ ነውና ባለ ጀልባው በቃሉ አልተሳካላቸው ይሆናል፤ በፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነበሩ። ለአንድ ፎቶግራፍ ስንል ወፏን አስነሥተን ሩብ ሰዓት ብንቆይ ኖሮ፣ ዕንቁላሉ ከውጭ ሲታይ ምንም ሳይመስል ውስጡ ሊሞት ይችል ነበር። በውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምሬ ያላሰብሁትን ነገር ሰውየው በሐይቁ ላይ ኖረው ዐውቀውታል። ስሌቱ የእኔ ነው፤ ዕውቀቱ የእርሳቸው ነው።

መቁጠር

ወፍ ማየት ደስታ ብቻ ሳይሆን መረጃም ነው። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ አገሮች በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። በዚያ ጠዋት ተማሪዎቼ አንዱን የፔሊካን መንጋ በግምት ሲቆጥሩ አንዱ 90፣ ሌላዋ 140፣ ሦስተኛው 220 አሉ። ቀላሉ መድኃኒት አስቀድሞ 10 ወፎችን ቆጥሮ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ በዓይን መያዝ፣ ከዚያም መንጋው ውስጥ ስንት እንደዚያ ያለ ቦታ እንዳለ መቁጠር ነው።

በደንገል ውስጥ ለሚሸሸጉ ወፎች ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ሁለት ተመልካቾች ሳይነጋገሩ በየራሳቸው ይመዝግቡ። አንደኛው 40፣ ሁለተኛው 30 ወፎች አዩ፤ ሁለቱም ያዩአቸው 24 ናቸው እንበል። ሁለተኛው ካያቸው 30 ውስጥ አንደኛው 24ቱን፣ ማለትም 80 በመቶውን አይቷል። እንግዲያው አንደኛው ያያቸው 40 የጠቅላላው 80 በመቶ ናቸው ማለት ነው፤ ጠቅላላው 50 ይሆናል። ሁለቱም ያዩት 46 ብቻ ሲሆን፣ ማንም ያላያቸውን 4 ወፎች በሒሳብ አገኘናቸው!

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተረጋገጠ ወዲህ በሐይቁ ዳር ተስፋፍቷል፤ በፎገራ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎችም በእርሻ ምክንያት እጅግ ጠበዋል። በእምቦጭ ላይ ጃካና ሲራመድ ያየ ሰው «ወፎቹ ደኅና ናቸው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ክፍት ውኃ የሚያስፈልገው ዓሣ አጥማጅ በዚያ ምንጣፍ ውስጥ ምንም አያይም። የትኛው ወፍ እንደ በዛ፣ የትኛው እንደ ቀነሰ ለይቶ የሚነግረን ከዓመት ዓመት በአንድ ዓይነት ዘዴ የተደረገ ቆጠራ ብቻ ነው።

ለሚሄዱ ተማሪዎች

ጉዞውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ። ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከቀትር ጀምሮ ከሐይቁ ወደ የብስ ነፋስ ይነሣል፤ ሞገድም ይከተላል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበሱ። በጀልባ ላይ አትቁሙ፤ የጀልባ መረጋጋት በስፋቱ ኩብ የሚወሰን ሲሆን የቆመ ሰው ደግሞ የክብደቱን ማዕከል ወደ ላይ ያነሣዋል። ከጉማሬ ራቁ። ጎጆ ያያችሁ እንደሆነ ሞተሩ ይጥፋ፤ አትጠጉ። ባለ ጀልባው «በቃ» ሲል በቃ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. 10×25 የሆነ መነጽርና 8×42 የሆነ መነጽር ቢሰጧችሁ ለጎሕ ጊዜ የትኛውን ትመርጣላችሁ? በቁጥር አስረዱ።

2. ዓሣው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ወፉ ከቀጥታው 30 ዲግሪ አዘንብሎ ቢወረወር በስንት ሳንቲ ሜትር ይስተዋል? (መልስ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ።)

3. ሁለት ተመልካቾች 36 እና 28 ወፎች አይተው ሁለቱም ያዩአቸው 21 ቢሆኑ ጠቅላላው ስንት ነው? (መልስ፦ 48።) ወፎቹ ከአንዱ ተመልካች ወደ ሌላው እየበረሩ ቢሆንስ ስሌቱ ለምን ይሳሳታል?

4. በባለ ጀልባው ስሌት ውስጥ ዕንቁላሉ ነጭ ሆኖ ከሚደርሰው ብርሃን 20 በመቶውን ብቻ ቢውጥ፣ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከዚህ ተነሥታችሁ በገላጣ ሥፍራ ስለሚጣሉ ዕንቁላሎች ቀለም ምን ትላላችሁ?